ማሊያ ያጠበች እጅ

22 ዓመትሽ ነው እንበል።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሽ ወራት ቢሆንሽ ነው። ጉልበትሽ ተጎድቶ ገና በማገገም ላይ ነሽ። "ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ እየሠራሁ ማስተርሴን እማራለሁ" ብለሽ አዲስ ከተማ ገባሽ። ሳትደላደዪ ዋናዋ አሰልጣኝ ፈቃድ ወሰደች። "በይ እንግዲህ፣ ቡድኑ ያንቺ ነው" ተባልሽ።

ከተጫዋቾችሽ አንዳንዶቹን የምትበልጪያቸው በአንድ ዓመት ነው። ደሞዝሽ በወር 250 ዶላር። ሾፌር የለም፤ መኪናውን የምትነጂው አንቺ ነሽ። ልብስ አጣቢ የለም፤ ላብ የጠጣውን ማሊያ የምታጥቢው አንቺ ነሽ። ማሊያው ራሱ የተገዛው ዶናት ተሽጦ ነው።

ምን ትያለሽ?

እሺ ትያለሽ? ወይስ "መጀመሪያ በጀቱ ይስተካከል" ትያለሽ?

ፓት ሰሚት እሺ አለች።

ጊዜው 1974 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቦታው አሜሪካ፣ ኖክስቪል ከተማ፣ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ። ያኔ ገና አላገባችም፤ የምትጠራው ፓት ሄድ ተብላ ነበር። በአሰልጣኝነት የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከመርሰር ዩኒቨርሲቲ ጋር አደረገች። ተሸነፈች። 84 ለ83።

በአንድ ነጥብ!

ከዚያስ? ከዚያማ ልምምድ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጨዋታ። ከዚያ ማሊያ ማጠብ። አንድ ጊዜ ከሜዳቸው ውጪ ሊጫወቱ ሄደው በተጋጣሚያቸው ጂምናዚየም ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። ተነሱና እዚያው ተጫወቱ።

አሁን 38 ዓመት ዝለዪ።

2012 ላይ ፓት ሰሚት አሰልጣኝነቷን ስትጨርስ 1,098 ጨዋታ አሸንፋለች። የተሸነፈችው 208 ብቻ ነው። ስምንት ጊዜ ብሔራዊ ዋንጫ አንስታለች። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ከፍተኛ ዲቪዚዮን የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ከእሷ በላይ ያሸነፈ አሰልጣኝ አልነበረም። ሴትም፣ ወንድም። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ደግሞ የአሜሪካን ሴቶች ቡድን ይዛ ወርቅ ወስዳለች።

ዛሬ ኖክስቪል ብትሄጂ ጣሪያው ላይ ግዙፍ የቅርጫት ኳስ የተቀመጠበት ሕንፃ ታያለሽ። የኳሷ ቁመት 9 ሜትር ገደማ ነው። ክብደቷ 10 ቶን። የሴቶች ቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ነው፤ በሩን የከፈተው በ1999 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተከበሩት አንዷ ያቺው ማሊያ አጣቢ ናት።

ሰው የሚያየው ዋንጫውን ነው። ዋንጫ ያብረቀርቃላ! የታጠበ ማሊያ ግን ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ስለዚህ ልጠይቅሽ። ያንቺ ማሊያ የቱ ነው?

ማንም ሳያይሽ፣ ማንም "ጎበዝ" ሳይልሽ መታጠብ ያለበት ነገር የቱ ነው? ሦስት ወር የተጠራቀመው የሱቅሽ ደረሰኝ ነው? ለፈተናው ያልነካሽው ምዕራፍ ነው? ዛሬም ነገም ያልሽው ሲቪሽ ነው?

አውቀሽዋል። አሁን ይህን ስታነቢ ፊትሽ ድቅን ያለው እሱ ነው።

ዛሬ ጀምሪው። "ሰኞ" አትበዪ። "ከፋሲካ በኋላ" አትበዪ። ሰኞ ስንት ጊዜ መጥቶ ስንት ጊዜ ሄዷል!

(ወንድሜ፣ "አንቺ" እያልኩ የምጽፈው ታሪኩ የሴቶች ስለሆነ ነው። አንተም ማሊያ አለህ። ገጹን እንዳትገልጠው።)

ፓት ጥንካሬውን ከየት አመጣችው? ተፈጥሮ ነው ትያለሽ? ተሰጥኦ?

ስሚ። ያደገችው ቴነሲ ውስጥ እርሻ ላይ ነው። ላም ታልባለች። ትምባሆ ትኮተኩታለች። ድርቆሽ ታስራለች። ሥራው ሲያልቅ፣ ማታ፣ ከሦስት ታላላቅ ወንድሞቿ ጋር ድርቆሹ የሚከመርበት ሰገነት ላይ ትወጣለች። አባታቸው እዚያ ቅርጫት ሰቅሎላቸዋል። ሁለት ለሁለት ይጫወታሉ። ታናሽ ናት፣ ሴት ናት ብሎ የሚያዝንላት የለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስትደርስ በአካባቢዋ ያለው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን አልነበረውም። ቤተሰቡ ምን አደረገ? ቤት ቀየረ! ቡድን ያለበት ሰፈር ገባ።

በ1974 ጉልበቷ ሲበጠስ ሐኪሙ ኳሱን እርሺው አለ። አባቷ ደግሞ ልጄ ኦሊምፒክ ትሄዳለችና ጠግንልኝ አለው። ያኔ የሴቶች ቅርጫት ኳስ በኦሊምፒክ ተካሂዶ አያውቅም ነበር፤ የመጀመሪያው የ1976ቱ ሞንትሪያል ነው። እሷም ቡድኗን እያሰለጠነች፣ ትምህርቷን እየተማረች፣ በዚያው ጉልበት ራሷን እያዘጋጀች ሁለቱን ዓመት ገፋች። ሞንትሪያል ሄደች። የቡድኑ ተባባሪ አምበል ሆና። ብር ይዛ ተመለሰች።

ይህን ሁሉ በሞቲቬሽን ብቻ የሠራችው ይመስልሻል?

ሞቲቬሽን እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ይሄዳል። ልማድ ግን የቤት ሰው ነው። ሲከፋሽም አለ። ሲዘንብም አለ። መብራት ሲጠፋም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአልጋ የሚያነሳሽ እሱ ነው።

ፓት ለተጫዋቾቿ አንድ ሕግ ነበራት፤ እኔ ከዋንጫዎቿ ሁሉ ይልቅ የምወዳት ይህችን ሕግ ነው። ክፍል መቅረት የለም። ክፍል ውስጥ ደግሞ የምትቀመጡት ከፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች ነው። አለቀ። በጨዋታ የቱንም ያህል ጎበዝ ሁኚ፣ ኋላ መደበቅ የለም።

ቀላል ሕግ አይደለችም? ብር አትጠይቅም። ተሰጥኦ አትጠይቅም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ለማውጣት ታፍራለች። አስተማሪው ያያታል። ስሟን ያውቃል። ሳታስበው ትሰማለች፤ ሳታስበው ትጠይቃለች። እና ውጤቱ? በቴነሲ የጨዋታ ዘመኗን የጨረሰች ተጫዋች ሁሉ ዲግሪዋን ይዛ ወጥታለች። በ38 ዓመት ውስጥ፣ ሁሉም!

አንቺስ የት ነው የምትቀመጪው?

ስልጠና ስትገቢ፣ ስብሰባ ስትገቢ፣ ወርክሾፕ ስትጠሪ፣ እግርሽ ወዴት ይወስድሻል? ወደ ኋላ ወንበር፣ ወደ በሩ አጠገብ? ከዛሬ ጀምሮ ተይው። ከፊት ተቀመጪ። አንድ ወር ብቻ ሞክሪው።

እሺ፣ ከፊት ተቀመጥሽ። ሠራሽ። ለፋሽ። ውጤቱ ግን አልመጣም። ያኔስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ፓት ሰሚት የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳችው መቼ ይመስልሻል? በ1987። በ13ኛ ዓመቷ! ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ለመጨረሻዎቹ አራት ደርሳለች። ፍጻሜም ገብታ ተሸንፋ ተመልሳለች። 12 ዓመት ሙሉ ሰው "ጥሩ ናት፣ ግን..." ሲላት ኖራለች። ያቺ "ግን" እንዴት እንደምታቆስል ታውቂያታለሽ።

12 ዓመት። አንቺ ስንት ወር ሞከርሽ?

ከእሷም የባሰ ልንገርሽ። ማርጋሬት ዌድ የምትባል የሚሲሲፒ ልጅ ነበረች። በዴልታ ስቴት ትጫወታለች፤ ጎበዝ ናት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የሴቶቹን ቡድን ዘጋው። ምክንያቱ? ጨዋታው ለወጣት ሴቶች ይከብዳል ተባለ። ለሴት ይከብዳል! ልጆቹ አለቀሱ። ማሊያቸውን አቃጠሉ።

ማርጋሬት ግን ከግቢው አልራቀችም። ትንሽ ጊዜ በሌላ ቡድን ተጫወተች፤ ጉልበቷ ሲያስቸግራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማሰልጠን ጀመረች። ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ኋላም እዚያው ቡድኗን በዘጋው ዴልታ ስቴት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ሆና ገባች።

ከዚያ 1973 መጣ። ዩኒቨርሲቲው የሴቶቹን ቡድን ልመልስ አለ። 40 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ! "ማን ያሰልጥን?" ሲባል መልሱ ግቢው ውስጥ ነበር። ማርጋሬት ዌድ 60 ዓመቷ ነው። ሌላው ሰው ጡረታውን የሚያስብበት ዕድሜ ነው።

እሺ አለች። በ1975 ቡድኗ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ 28 ለዜሮ፣ ብሔራዊ ዋንጫ በላ። በ1976 ደገመው። በ1977 ሠለሰው። በመሃል 51 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ።

ዕድሜሽን ምክንያት ልታደርጊ ነበር አይደል? 35 ሆነኝ፣ 40 ሞላኝ ልትዪኝ ነበር። በይ አሁን ድገሚልኝ።

ከማርጋሬት የምንማረው "ታገሺ" የሚለውን ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው በሩ ሲዘጋበት ተናዶ አገር ለቆ ይሄዳል፤ በሩ ሲከፈት ቅርብ የለም። እሷ የምትወደውን ነገር አጠገብ ኖረች። መጫወት ሲከለከል አሰለጠነች። የትልልቆቹ ቡድን ሲጠፋ የትንንሾቹን ያዘች። እጇ ከኳሷ አልወጣም። ስለዚህ ስትጠራ ለመዘጋጀት ጊዜ አላስፈለጋትም፤ 40 ዓመት ስትዘጋጅ ነበር።

የምትፈልጊው ሥራ ዛሬ የለም? አጠገቡ ያለውን ሥሪ። ሬስቶራንት መክፈት አልቻልሽም? ለሁለት ቢሮ ምሳ አብስይ። አስተማሪ መሆን አልሆነልሽም? የጎረቤት ልጆችን ቅዳሜ ሰብስበሽ አስጠኚ። ከግቢው አትራቂ!

የማርጋሬትን ሦስት ዋንጫ ያለ አንዲት ልጅ ማሰብ አይቻልም። ሉሲያ ሃሪስ። ሚሲሲፒ ውስጥ ሚንተር ሲቲ ተወለደች፤ ከ11 ልጆች አሥረኛዋ። ቤተሰቡ ገበሬ ነው፤ እሷም ጥጥ ለቅማለች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ90 ነበር። በትምህርት ቤት ይስቁባታል፤ ማታ ግን "ተኚ" ስትባል ብርድ ልብስ ተከናንባ በቴሌቪዥን ኳስ ትመለከታለች። ጀግናዋ ኦስካር ሮበርትሰን ነበር።

የሳቁባት ቁመት ዴልታ ስቴትን ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን አደረገ። የሳቁባት ቁመት ሞንትሪያል ገባ። በሴቶች ቅርጫት ኳስ የኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያዋን ነጥብ ያስቆጠረችው ሉሲያ ሃሪስ ናት። ተባባሪ አምበሏ ማን እንደነበረች ታስታውሻለሽ፤ ያቺው የቴነሲዋ ፓት።

በ1977 የወንዶቹ ክለብ ኒው ኦርሊንስ ጃዝ በ7ኛው ዙር፣ በ137ኛ ተራ ስሟን ጠራ። በወንዶቹ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ የተጫዋቾች ምርጫ! ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቤተሰቧን መረጠች፤ አልሄደችም። ይህን ውሳኔዋን እኔ ከልቤ አከብረዋለሁ። ሰው የጠራሽበት ሁሉ ያንቺ መንገድ አይደለም። እምቢ ማለትም ውሳኔ ነው። በ1992 በናይስሚዝ የዝና አዳራሽ የተከበረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ እውነቱን መደበቅ ይሆንብኛል። ሉሲያ በምርጥ ዕድሜዋ የሚገባትን ያህል የሚቆይ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ አላገኘችም። ዛሬ የምናውቀው ደብሊውኤንቢኤ መጫወት የጀመረው በ1997 ነው። በ1972 ደግሞ ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ባይወጣ፣ መንግሥት የሚደግፋቸው ትምህርት ቤቶች በፆታ ልዩነት እንዳያደርጉ ባይከለከሉ፣ ብዙዎቹ ቡድኖች አይኖሩም ነበር። የአንዲት ሴት ቆራጥነት ብቻውን ሊግ አይመሠርትም። ሕግም ያስፈልጋል፤ ሌሎች ሴቶችም ያስፈልጋሉ። ግን ልብ በዪ። ሕጉ በሩን ሲከፍት ጫማዋን አስራ ቆማ የተገኘችው ናት የገባችው። በሩን ላትከፍቺው ትችያለሽ። ጫማሽን ማሰር ግን ያንቺ ነው።

"እኔ እኮ ደካማ ነኝ" አትበዪኝ ደግሞ።

ሴንዳ ቤረንሰንን ታውቂያታለሽ? ሊቱዌኒያ ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ የገባች፣ ጤናዋ የማይረባ ሴት ነበረች። ወደ ስፖርት ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት የገባችው ሰውነቷ ቢጠነክርልኝ ብላ ነው። ኋላ እዚያው ማሳቹሴትስ በስሚዝ ኮሌጅ አስተማሪ ሆነች። ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 ስፕሪንግፊልድ ከተማ አዲስ ጨዋታ መፍጠሩን ሰማች። ኳሷ የምትገባው የኮክ ቅርጫት ውስጥ ነበር፤ እኛ "ቅርጫት ኳስ" ስንል ያንን ቅርጫት እስከ ዛሬ እንደያዝነው ነን። ሴንዳ ጨዋታውን ወስዳ ለሴት ተማሪዎቿ ሕጉን አስተካከለችና አስተማረች። የሴቶች ቅርጫት ኳስ እናት የሚሏት እሷን ነው። ያቺን ጤናዋ የማይረባውን!

ታሚካ ካቺንግስስ? ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። ትልቅ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። ልጆች ይስቁባታል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አውልቃ ሣር ውስጥ ወረወረችው። ወላጆቿ ሌላ አልገዙላትም። እሷም የሰው ከንፈር እያነበበች፣ ከሌላው በላይ እያስተዋለች፣ ከሌላው በላይ እየለፋች አደገች። ሜዳ ላይ ማንም አይስቅባትም። ሜዳ ላይ ንግግሩ በኳስ ነው።

ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ማን ጋር? ፓት ሰሚት ጋር! የገባችበት ቡድን በ1998 39 ጨዋታ ተጫውቶ 39 አሸነፈ። ፓት ግን በዋንጫው ብቻ አልረካችም። መስሚያውን መልሰሽ አድርጊ አለቻት። ያ የሸሸሽው ነገር ለሌሎች ልጆች ብርታት ይሆናል አለቻት። ታሚካ መልሳ አደረገችው።

ይህን ጊዜ ወስደሽ አስቢው። የወረወርሽውን መልሶ ማንሳት። የሚያሳፍርሽን ነገር ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ሺህ ሰው ፊት መቆም። ከዚህ በላይ ድፍረት አለ?

ደብሊውኤንቢኤ ስትገባ ደግሞ ጉልበቷ ተጎድቶ ነበር። የ2001ን ወቅት ተቀምጣ አየች። በ2002 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነች። በ2011 የሊጉ ኮከብ። በ2012 ከክለቧ ኢንዲያና ፊቨር ጋር ሻምፒዮን። ከ2004 እስከ 2016 በአራት ኦሊምፒክ አራት ወርቅ። በ2020 ለናይስሚዝ የዝና አዳራሽ ተመረጠች።

አንቺ ምን ወረወርሽ? መነጽር ያስፈልግሻል? አድርጊ። ሒሳብ ይከብድሻል? አስጠኚ ያዢ። ሰው ፊት መናገር ያንቀጠቅጥሻል? እየተንቀጠቀጥሽ ተናገሪ። እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ እየቻልሽ መቅረትሽ ነው።

አውስትራሊያዊቷን ሎረን ጃክሰንንም በአጭሩ ላንሳት። ሦስት ጊዜ የደብሊውኤንቢኤ ኮከብ ነበረች። በ2016 ጉልበቷ እምቢ ብሎ ጫማዋን ሰቀለች። በ2021 የዝና አዳራሽ ገባች። አለቀ አይደል? አላለቀም። በ2022፣ በ41 ዓመቷ፣ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ ሲድኒ ላይ ለዓለም ዋንጫ ተመለሰች። ለነሐሱ ካናዳን ሲገጥሙ 30 ነጥብ አስቆጠረች! በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይም ነበረች። "የኔ ጊዜ አልፏል" የምትዪ ከሆነ ሎረንን አስቢያት።

አሁን ወደ ዶን ስቴሊ እንምጣ። እዚህ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ፤ እኔ ለራሴ ተስፋ ስቆርጥ የማስታውሰው የእሷን ታሪክ ነው።

ሰሜን ፊላዴልፊያ አደገች፤ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች በተሠራ የመንግሥት ቤት። ከሰፈር ወንዶች ጋር ተጋፍታ ነው ኳስ የተማረችው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ68። ለቅርጫት ኳስ አጭር ናት። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ስትጫወት ሦስት ዓመት በተከታታይ ቡድኗ ከመጨረሻዎቹ አራት ገባ። ዋንጫ? ዜሮ። በ1991 ፍጻሜ ደርሰው በተጨማሪ ሰዓት 70 ለ67 ተሸነፉ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብላ የተመረጠችው ተሸናፊዋ ዶን ናት። ያሸነፋቸው ማን መሰለሽ? የፓት ሰሚት ቴነሲ።

በተጫዋችነት ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች፤ 1996፣ 2000፣ 2004። አቴንስ ላይ የአሜሪካን ባንዲራ ይዛ ከፊት የገባችው እሷ ናት። የዩኒቨርሲቲ ዋንጫ ግን በተጫዋችነት አላገኘችም። ያቺ አንዷ ነገር ቀረች።

በ2000 በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ማሰልጠን ጀመረች፤ ገና ፕሮፌሽናል እየተጫወተች! በ2008 ሳውዝ ካሮላይና ገባች። የመጀመሪያ ዓመት ውጤቷን ጻፊልኝ። 10 ድል፣ 18 ሽንፈት።

እኔ ከዶን ስቴሊ ዓመታት ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ሦስት ወርቅ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስሟ ገንኖ፣ 18 ጊዜ ተሸነፈች። አላፈረችም። ሻንጣዋን አልሸከፈችም። በሁለተኛው ዓመት ትንሽ ተሻለ። በሦስተኛው ትንሽ። ትንሽ በትንሽ ላይ እየተጨመረ በ2017 ሻምፒዮን ሆነች። በ2022 ደገመች። በመካከል ደግሞ በቶኪዮ ኦሊምፒክ አሰልጥና ወርቅ ወሰደች።

በ2023 36 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ በግማሽ ፍጻሜው አንዴ ተሸነፈች። አንዴ! ዋንጫው ሄደ። አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎቿ ቡድኑን ለቀቁ። በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ ተሰላፊዎች ገባች። 38 ተጫወቱ። 38 አሸነፉ። ሻምፒዮን።

ከ10 ለ18 ወደ 38 ለዜሮ። መሃሉ 15 ዓመት ነው። አቋራጭ የለውም። ግን መንገዱ አለ፤ ሰው ሄዶበታል!

አንቺ ያለሽው የቱ ዓመትሽ ላይ ነው? 10 ለ18 ላይ ነሽ? እንኳን ደስ አለሽ፤ ጀምረሻል ማለት ነው። ዛሬ ማታ ደብተር አውጪ። የዚህን ሳምንት ድልና ሽንፈትሽን ቁጥሩን ሳታሳምሪ ጻፊው። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ጻፊ። ቁጥሩ ትንሽ ከተሻለ በቂ ነው።

ወደ ፓት ልመለስና ላብቃ።

በነሐሴ 2011 59 ዓመቷ ነበር። የመርሳት ሕመም፣ አልዛይመር፣ እንደጀመራት ለሕዝብ ተናገረች። መደበቅ ትችል ነበር። አልደበቀችም። ሌላ አንድ ሙሉ ወቅት፣ በረዳቶቿ እየታገዘች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያ የመጨረሻ ቡድኗ የኮንፈረንሱን ዋንጫ በላ። በ2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ የነፃነት ሜዳሊያ አጠለቀላት። ሕመሙን የሚዋጋ ፋውንዴሽን በስሟ አቋቋመች። በሰኔ 2016፣ በ64 ዓመቷ አረፈች።

ከረዳቶቿ መካከል በ1990ዎቹ ለሁለት ዓመት አብራት የሠራች ካሮሊን ፔክ የምትባል ወጣት ነበረች። ካሮሊን በ1999 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ይዛ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያ ደረጃ ዋንጫውን ያነሳች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋና አሰልጣኝ ናት። እንደ ልማዱ ሻምፒዮኖች መሰላል ላይ ወጥተው የቅርጫቱን መረብ በመቀስ ይቆርጣሉ። ካሮሊን የቆረጠችውን አስቀመጠች።

በ2015 ከዚያ መረብ ቁራጭ አውጥታ ለዶን ስቴሊ ሰጠቻት። ሻምፒዮን ስትሆኚ ትመልሽልኛለሽ አለቻት። ዶን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ዓመት ይዛው ዞረች። በ2017 አሸነፈች፤ መሰላሉ ላይ ወጥታ የራሷን መረብ ቆረጠች።

ያን መረብ ምን አደረገችው? በ2021 ቆራረጠችው። በከፍተኛ ዲቪዚዮን ላሉት ጥቁር ሴት ዋና አሰልጣኞች፣ ገና ምንም ዋንጫ ላላነሱትም፣ ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ቁራጭ ላከችላቸው።

ዛሬ የሆነች አሰልጣኝ፣ ምናልባት ልክ ዛሬ የተሸነፈች፣ ቦርሳዋን ስትከፍት አንዲት ነጭ ክር ታገኛለች።